ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ፦ የመጀመሪያዎቹ መኪናዎችና የሥራ ለውጥ ከእንጦጦ ግርጌ

መግቢያ

ከአራት ኪሎ ተነስቶ በግንፍሌ በኩል ወደ ቀበና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፣ ረጅም በማይባል የእግር ጉዞ ውስጥ ከአንድ መቶ ዓመት የማያንስ የሥራ ታሪክ አቋርጦ ያልፋል። ከጀርባው በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተውን የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይተዋል። ቀበና ሲደርስ ዱቄት የለበሰ ወፍጮ ቤት ያገኛል፤ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ዘርግቶ የሚጠቅም ልብስ ሰፊ ያያል። ከወንዙ ዳር ቆሞ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ቢመለከት ደግሞ፣ በተራራው ግርጌ በስተምዕራብ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ዛሬም ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጠው መወርወሪያ የሚወረውሩበት ሠፈር አለ። ማተሚያው፣ ወፍጮውና የሽመናው ዕቃ ጎን ለጎን ይኖራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን ተራ በተራ እየተካ የሄደበት ቀጥ ያለ መሥመር አይታይም።

ይሁን እንጂ ስለ መኪና መምጣት በአብዛኛው የሚነገረው ታሪክ ቀጥ ያለ ነው። በድሮ ጊዜ የእጅ ሥራ ነበረ፤ ከዚያ መኪና መጣ፤ የእጅ ሥራ ቀረ፤ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አነጋገር በሦስት ሙያዎች፣ ማለትም በጽሕፈት፣ በመፍጨትና በሽመና አማካይነት መፈተሽ ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ በአጭሩ የሚከተለው ነው። መኪና ወደ አንድ ሙያ ሲገባ ሙያውን በሙሉ አይወስድም፤ በአንድ አንጓው ላይ ይገባል። ለውጡ ለማን እፎይታ፣ ለማን ጉዳት እንደሆነ የሚወሰነውም በዚያ አንጓ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ በማወቅ ነው። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ግን የመዘገበው በአንጓው ላይ የነበሩትን ሁሉ ሳይሆን ራሱ የወጣበትን ሙያ ብቻ ነው። ስለ ማተሚያ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ እንዝርትና ስለ መጅ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ከመኪናው ስሙ ቀደመ

አማርኛ ለመኪና ያወጣው ስም ራሱ የታሪክ ምስክር ነው። «ባቡር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛው የእንፋሎት ስያሜ መነሻ አድርጎ በቱርክና በዐረብ አፍ አልፎ የደረሰን ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሚያመለክተው የሐዲዱን ባቡር ብቻ አልነበረም። በእንፋሎት ወይም በሞተር ኃይል የሚሄድና የሚሠራ ነገር ሁሉ ባቡር ይባል ነበር። አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በ1890ዎቹ አጋማሽ ወደ ሀገር ያስገባው የመንገድ መዳመጫ መኪና «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎችም የእህል ወፍጮውን ባቡር ማለት የተለመደ ነው። «መኪና» የሚለው የጣሊያንኛ ቃልም እንዲሁ በኋላ ለተሽከርካሪ ብቻ እስኪቀር ድረስ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና፣ የማተሚያ መኪና እየተባለ ለሁሉም ያገለግል ነበር። «ፋብሪካ»ም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው። ሕዝቡ መኪናውን ከመግዛቱና ከመጠቀሙ በፊት ስሙን ለመደ ማለት ነው።

ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር መኪና የተፈለሰፈው በጥጥ ነጋዴውና በሠሪው መካከል ነበር። በእኛ ሀገር ግን መኪና መጀመሪያ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖልም በዚያ ተቀልጦ እስከ መቅደላ ተጎተተ። ሆኖም የጋፋት ሥራ ከንጉሡ ጋር አበቃ። ዐፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ፣ የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ግቢው ውሃ በቧንቧ አወረደ። የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እነዚህ ሁሉ የመንግሥትና የኩባንያ መኪናዎች ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚያያቸው እንደ ትንግርት ነበር።

ለሠሪው የነበረው ግምትም ከመኪናው ጋር አብሮ አልመጣም። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ ማዋረድ እንዲቀር አስጠነቀቁ፤ ሸማኔውም በአዋጁ ተጠቅሷል። አዋጁ ለታሪካችን ትልቅ ሰነድ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን በውስጡ የተዘረዘሩት ሙያዎች የወንድ ሙያዎች መሆናቸውን ልብ ማለት ይገባል። ሸማኔው ሲጠቀስ ድሩንና ማጉን ፈትላ የምታቀርብለት ሴት አልተጠቀሰችም። ፈጪዋም የለችም። መፍተልና መፍጨት የቤት ውስጥ ግዴታ ተደርገው ይቆጠሩ ስለነበር እንደ ሙያ አልታዩም፤ ስለዚህ በአዋጅ የሚነሳላቸው ስድብ እንኳ አልነበራቸውም።

ከብራና ወደ እርሳስ ፊደል

የማተሚያ መኪና ወደ አካባቢያችን የገባው በሚሲዮናውያን እጅ ሲሆን፣ ምጽዋ ላይ የላዛሪስት ሚሲዮናውያን ማተሚያ ሥራ የጀመረው በ1855 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን በመጀመሪያዎቹ የዘመናዊነት ዓመታትም የምትጽፈው በእጇ ነበር። ግሪካዊው አንድሪያስ ካቫዲያስ ያዘጋጀው የነበረው «አእምሮ» ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተገለበጠ በጥቂት ቅጂዎች ይሠራጭ እንደነበር ይታወቃል። ጋዜጣ የተባለው የመኪና ልጅ በቁም ጸሐፊ እጅ መወለዱ፣ ሁለቱ ዘመናት ምን ያህል ተደራርበው እንደነበር ያሳያል።

የብራና መጽሐፍ ሥራ በርካታ አንጓዎች ነበሩት። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፤ ጥቁሩና ቀዩ ቀለም ይበጠበጣል፤ መሥመር ይሰመራል፤ ከዚያ ጸሐፊው በጉልበቱ ላይ ደግፎ ፊደል በፊደል ይቀርጻል፤ በመጨረሻም መጽሐፉ ይጠረዛል፣ ማኅደር ይሰፋለታል። አንድ ዳዊት ወራት ይፈጅ ነበር። ማተሚያ የገባው በግልበጣው አንጓ ነው። ቆዳ ፋቂውን በፋብሪካ ወረቀት፣ ቀለም በጥባጩን በቆርቆሮ ቀለም ተካ። ፊደል የሚያውቀውን ሰው ግን አላሰናበተውም፤ ቦታውን ቀየረለት እንጂ። የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ሰው በማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚ፣ አራሚ፣ አዘጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ሲጀምር ይህ የሰው ኃይል ዝግጁ ነበር። የጽሕፈት ሰው ከመኪናው ጋር የታረቀው አንጓውን አጥቶ ሌላ አንጓ ስላገኘ ነው።

ዕርቁ ዋጋ አላስከፈለም ማለት ግን አይደለም። ላቲን ፊደል የሚለቅም ሠራተኛ ከነዐቢዩና ከነንዑሱ 52 ፊደል ይበቃዋል። የእኛ ፊደል ለቃሚ ግን 33ቱን ፊደላት በሰባት ቤት አባዝቶ 231 ጉድጓድ፣ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ከዚያም በላይ ጉድጓድ ካለው ሣጥን ፊት ቀኑን ሙሉ ቆሞ የእርሳስ ፊደል ይለቅማል፤ የሚለቅመውንም ፊደል ተገልብጦ ያነባል። የጽሕፈት መኪና ሲመጣ ችግሩ የባሰ ሆነ። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት የደከሙት፣ በኋላም ፊደል ይሻሻል አይሻሻል የሚለው ክርክር የበረታው ከዚህ የተነሳ ነው። መኪናው የጸሐፊውን እጅ ብቻ ሳይሆን ፊደሉን ራሱን «ተቀነስ» ብሎ ጠየቀው። ፊደሉ ግን ሳይቀነስ ቀረ፤ ኮምፒዩተር ደርሶ ጥያቄውን አበረደው፤ ፊደል ለቃሚውም በተራው ከሙያው ወጣ።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ነገር ተለወጠ። የብራና ጸሐፊ በመጽሐፉ መጨረሻ ስሙን ጠቅሶ፣ ያስጻፈውንም አንስቶ፣ አንባቢ በጸሎቱ እንዲያስበው ይለምን ነበር። በታተመው መጽሐፍ ላይ የምናገኘው የደራሲውንና የማተሚያ ቤቱን ስም ነው። ፊደሉን የለቀመው ሰው ስም የለም። የፋብሪካ ሥራ ሠሪውን ከሥራው ስም መለየቱ በሀገራችን መጀመሪያ የታየው ምናልባት በዚህ ባዶ የመጨረሻ ገጽ ላይ ነው። ያም ሆኖ ይህ ሙያ ራሱ ጸሐፊ ስለሆነ ስለ ራሱ የሚናገርለት አላጣም። የማተሚያ ቤቶች ታሪክ፣ የጋዜጦች ታሪክ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት ሳይቀር በተደጋጋሚ ተነስቷል። የሚከተሉት ሁለት ሙያዎች ግን ይህን ዕድል አላገኙም።

ወፍጮና እንጉርጉሮ

«ወፍጮ» የሚለው ቃል ዛሬ ለሰሚው የሞተር ድምፅ ያመጣበታል። ከዚያ በፊት ግን ወፍጮ ማለት በቤቱ ጓዳ ዘንበል ብሎ የተተከለ ድንጋይ ነበር፤ መጅ ደግሞ በሁለት እጅ ተይዞ ወደፊት የሚገፋና ወደኋላ የሚሳብ ትንሹ ድንጋይ ነው። ሴቲቱ ተንበርክካ ወይም ጎንበስ ብላ ከንጋት በፊት ትጀምራለች። በመኳንንቱ ቤት ይህ የባሪያና የገረድ ድርሻ ነበር፤ ዘመቻ ሲሆንም የሠራዊቱን እህል የሚፈጩት ጦሩን ተከትለው የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ። ወንድ መፍጨት ነውር ነው። ሚሊዮኖች የየዕለት እንጀራቸውን ያገኙበት ይህ ሥራ ደመወዝ፣ ዋጋ፣ ሰዓት የሌለው ሥራ ነበር።

የእህል ወፍጮ መኪና በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ደርሶ ቀስ በቀስ ወደ ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ገጠር ከተዛመተ ወዲህ፣ እንደ ማተሚያው ሳይሆን፣ የገባበትን አንጓ ሙሉ በሙሉ ወስዶታል። ሌሎቹ አንጓዎች፣ ማለትም መልቀም፣ ማበጠር፣ መንፋት፣ ማቡካትና መጋገር ከሴቲቱ ጋር ቀሩ። አዲስ አንጓም ተጨመረ፤ እህሉን ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መሄድ፣ ወረፋ መጠበቅና በገንዘብ መክፈል። ቀድሞ በጉልበቷ የምትጨርሰው ሥራ አሁን ሳንቲም ጠየቃት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤትና ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ሆነ። ሥራው በሴት እጅ ሳለ ነውር የነበረው መፍጨት፣ መኪና ሲገባበት የወንድ ንግድ ሆነ ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አያት ከሰሜን ሸዋ ገጠር ወጥተው ቀበና እስኪገቡ ድረስ በድንጋይ ወፍጮ ሲፈጩ የኖሩ ሴት ነበሩ። የአቅራቢው የተማሪነት ዘመን የሥነ ቃል መረጃ እንዲሰበስብ በታዘዘ ጊዜ፣ የወፍጮ እንጉርጉሮ እንዲነግሩት ጠየቃቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ «ምነው ልጄ፣ ወፍጮው በሌለበት እንጉርጉሮው ከየት ይመጣል?» አሉ። ቆይተው ግን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደፊትና ወደኋላ ማለት ጀመሩ። ያን ጊዜ አንዳንድ ስንኝ መጣላቸው። እጃቸው ሲቆም ግጥሙም ቆመ። አቅራቢው በዚያን ቀን የጻፈው አምስት ስንኝ የማይሞላ ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ለመጠየቅም ሳይመቸው እሳቸው ዐረፉ።

ይህ ገጠመኝ ከግል ትዝታ ያለፈ ነገር ያመለክታል። የሥነ ቃል አጥኚዎቻችን የሥራ ዘፈኖችን የእርሻ፣ የአጨዳ፣ የውቂያ፣ የወፍጮ እያሉ ይመድባሉ። ምደባው ትክክል ቢሆንም ዘፈኑ ከሥራው ጋር ያለው ትስስር ከርእሱ የጠለቀ ነው። በደቦ የሚዘፈነው ዘፈን ተቀባይ አለው፤ አዝማች አለው። የወፍጮው ግን የብቸኛ ሰው ግጥም ነው። የመጁ መሄድና መመለስ ምቱን ይሰጣል፤ ትንፋሹ የስንኙን ልክ ይወስናል፤ የድንጋዩ ድምፅ ደግሞ ቃሉን ከጎረቤትና ከባል ጆሮ ይሸሽጋል። ስለዚህም የአማት ክፋት፣ የወላጅ ናፍቆት፣ ያለ ፈቃድ መዳር በግልጽ የሚነገርበት ቦታ ነበር። ወፍጮ ቤት ሲመጣ ሴቶቹ በወረፋ ተገናኙ፤ ወሬ አገኙ፤ ወሬው ደግ ነገር ነው። ነገር ግን የሞተሩ ጩኸት ምት ሊሰጥ፣ ሊሸሽግም አልቻለም። ዘውጉ የሥራ ቦታውን አጣ።

በዚህ ላይ ስሕተት እንዳይፈጠር ያስፈልጋል። ድንጋዩ ይመለስ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። የወፍጮ መኪና የብዙ ሴቶችን ወገብና እጅ አድኗል፤ የብዙ ልጃገረዶችን ጧት ለትምህርት ቤት ነጻ አድርጓል። ጥያቄው መኪናው መምጣት ነበረበት ወይ አይደለም፤ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሄደ የመዘገበ ነበረ ወይ ነው።

ድርና ማግ

በአነጋገራችን ሁለት የማይለያዩ ነገሮች «ድርና ማግ» ይባላሉ። የመኪናን አገባብ በጥርት የሚያሳየን ግን የድርና የማግ መለያየት ነው።

ሸማ ለመሥራት ጥጡ መጀመሪያ ይዳመጣል፤ ፍሬው ከተለየ በኋላ በደጋን እየተነደፈ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ይፈተላል፤ ፈትሉ ልቃቂት ሆኖ ይጠቀለላል። እስከዚህ ያለው ሁሉ በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው። ከዚያ ሸማኔው ድሩን ይዘረጋል፤ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል፤ ጥለቱን ያወጣል። ለአንድ ሸማኔ ሥራ ሳያቋርጥ ፈትል ለማቅረብ ከአንዲት ሴት በላይ የሚጠይቅ በመሆኑ የሸማኔው ፍጥነት በእንዝርቱ ፍጥነት ይወሰን ነበር።

በእንግሊዝም ችግሩ ይኸው ነበር፤ መፍትሔው ግን የኢንዱስትሪ አብዮት የሚባለውን ወለደ። እ.ኤ.አ. በ1760ዎቹ ጄምስ ሃርግሪቭስ ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ የሚያሽከረክር መፍተያ ሠራ፤ በ1769 ሪቻርድ አርክራይት በውሃ ኃይል የሚሠራና ለድር የሚሆን ጠንካራ ክር የሚያወጣ መፍተያ አስመዘገበ። ክር በረከሰ ጊዜ የእጅ ሸማኔዎች ለተወሰኑ ዓመታት ጥሩ ኑሮ ኖሩ። ኤድመንድ ካርትራይት በ1785 የጀመረው የሽመና መኪና ተሻሽሎ ሲስፋፋ ግን ዕድላቸው ተገለበጠ። በ1820ዎቹ ከ200,000 በላይ የነበሩት የጥጥ የእጅ ሸማኔዎች በ1850ዎቹ ከ50,000 በታች ሆኑ። ከ1811 እስከ 1816 ባሉት ዓመታት መኪና የሰበሩት የእንግሊዝ ሠራተኞችም በታሪክ ስማቸው ቀርቷል።

ወደ እኛ ሀገር የመጣው የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና ከዚያ ወዲህ ከሕንድ የፋብሪካ ክር፣ ከአሜሪካ አቡጀዲ፣ በ1920ዎቹ ደግሞ ከጃፓን የረከሰ የጥጥ ጨርቅ ገባ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ባሳተሙበት ወቅት የጃፓን ጨርቅ በኢትዮጵያ ገበያ የበላይነት ይዞ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬ ዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳሩ ተከተለ፤ የአቃቂውም አለ። ፋብሪካዎቹ አቡጀዲና አንሶላ ከማምረታቸው ባሻገር ለሸማኔው ክር አቀረቡለት።

ሸማኔው ክሩን ለድር ወሰደው። ድር በሽመና ጊዜ ተወጥሮ ስለሚቆይና ስለሚፋተግ ጠንካራና ወጥ ክር ይፈልጋል፤ የመኪና ክር ለዚህ ተመቸ። ማግ ግን ለስላሳና ሞላ ያለ ሲሆን ያምራል፤ ጋቢን ጋቢ የሚያሰኘው እርሱ ነው። ስለዚህ ማጉ በእጅ ፈትል ቀጠለ። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ የሆነ ሸማ በዚህ መንገድ ተወለደ። ከጊዜ በኋላ ማጉም በፋብሪካ ክር የሚተካበት ሥራ በረከተ።

ውጤቱ በሁለቱ ወገኖች ላይ የተለያየ ነበር። ሸማኔው ከእንዝርት ጥበቃ ተላቀቀ፤ ብዙ ሠራ፤ ከጋሞ ደጋ እየመጡ በእንጦጦ ግርጌ የሠፈሩት የዶርዜና የሌሎች የጋሞ ሸማኔዎች ትልቅ የከተማ ገበያ ሊመግቡ የቻሉበት አንዱ ምክንያት የፋብሪካ ድር ነው። በዚያው ልክ የክር ነጋዴ ጥገኛ ሆነ፤ የክር ዋጋ ሲንር ዕቃው ሥራ ይፈታል። ፈታይዋ ግን ያጣችው የድሩን ሥራ ነው። እንደ እንግሊዝ ሠራተኞች መኪናውን ለመስበር ብትፈልግም ልትሰብረው አትችልም ነበር፤ ሥራዋን የወሰደው መኪና ቦምቤይና ኦሳካ ነበርና። ያየችው ነገር ቢኖር ገበያ የወሰደችው ልቃቂት ሳይሸጥ መመለሱን ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል በቃላችን ያለው ድር ገና በእጅ የተፈተለው ነው፤ በሸማችን ላይ ያለው ግን ከፋብሪካ ወጥቷል። ተረቱ ሳይለወጥ ፈታይዋ ከውስጡ ወጣች።

ገብረ ሕይወት ያዩትና ያላዩት

በዘመኑ ስለ መኪናና ስለ ሥራ በጥልቀት ያሰቡት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጽሐፋቸው፣ ዕውቀትና መሣሪያ ያለው ሕዝብ ከሌለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ንግዱ እኩል እንደማይሆን አስረዱ። ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል ሀገር የብዙ ቀን ድካሙን በጥቂት ሰዓት ሥራ እየለወጠ እንደሚደኸይ ገለጹ። ይህ አስተሳሰብ ከጊዜው የቀደመ ነበር።

የገብረ ሕይወት ሚዛን ግን የተዘረጋው በሀገርና በሀገር መካከል ነው። ያው ሚዛን በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሸማኔውና በፈታይዋ መካከል ቢዘረጋ ኖሮ ተመሳሳይ ነገር ባሳየ ነበር። የመኪና ክር ያገኘው ወገን የአንድ ቀን ሥራውን በብዙ ሲሸጥ፣ እንዝርት የያዘችው ወገን ደግሞ የብዙ ቀን ድካሟን በጥቂት ትሸጥ ነበር። ይህን ማለት ታላቁን ደራሲ መንቀስ አይደለም፤ የእሳቸውን ዘዴ ወደ ጓዳ ይዞ መግባት ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጣው ጽሑፍም ቢሆን ከጓዳው በር ላይ ቆሟል። በ1960ዎቹ «ወዝ አደር» የሚለው ቃል በየመጽሔቱ ሲበዛ፣ የሚያመለክተው የፋብሪካ በር ላይ ፊሽካ የሚጠብቀውን ሠራተኛ ነበር። ቃሉ በወዙ የሚያድር ሁሉ ማለት ሆኖ ሳለ፣ ወዟን በመጅ ላይ ያፈሰሰችው ሴት አልገባችበትም።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው ሦስቱ ሙያዎች መኪናን የተቀበሉት በሦስት መንገድ ነው። በጽሕፈት መኪናው ግልበጣውን ወስዶ ለፊደል ሰው ሌላ ቦታ ሰጠው። በመፍጨት ሥራውን ከጓዳ አውጥቶ ለሴቲቱ እፎይታ፣ ለወንዱ ንግድ፣ ለእንጉርጉሮው ግን ዝምታ አመጣ። በሽመና ድሩን ወስዶ ማጉን ተወ፤ ሸማኔውን ሲያሳድግ ፈታይዋን አሳነሰ። ከሦስቱ በጽሑፍ በሰፊው የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ምክንያቱም ታሪኩን የጻፈው የጽሕፈት ሰው ራሱ ነው።

የእንግሊዙ ታሪክ ሁለተኛ ግማሽም ከእንጦጦ ሥር መድረስ ጀምሯል። የሀበሻ ልብስ ጥለት በመኪና አስመስሎ የተሠራበት ጨርቅ ከቻይና እየገባ በገበያ ከሽሮ ሜዳ ሸማ ጎን ተሰቅሏል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የእንግሊዝ የእጅ ሸማኔ የቆመበት አንጓ ላይ ዛሬ የጋሞ ሸማኔ ቆሟል። የፈታይዋ ሥራ ሲሄድ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳይጽፍላት ሄደ። የሸማኔው ሥራ ሲነካ ተመሳሳይ ዝምታ ሊደገም አይገባም።

በዚህ ረገድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሥራ አለ። በድንጋይ የፈጩና በእንዝርት የፈተሉ እናቶች በቀበና፣ በቀጨኔ፣ በሽሮ ሜዳና በየገጠሩ ዛሬም አሉ፤ ነገር ግን በየዓመቱ ይቀንሳሉ። መረጃ ሰብሳቢው ወደ እነሱ ሲሄድ መቅጃውን ብቻ ይዞ መሄድ የለበትም። እንዝርቱንና ባዘቶውን ይዞ፣ ቢገኝ መጁና ወፍጮው ባለበት ተገኝቶ፣ እጃቸው ሥራውን እየሠራ ቃሉን መቅዳት ይኖርበታል። ግጥሙ የተቀመጠው በቃላቸው ብቻ አይደለም፤ በእጃቸውም ውስጥ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተረዳው አንድ ቀን ዘግይቶ ነው፤ አምስት ስንኝ የማይሞላው ወረቀት አሁንም ከእርሱ ዘንድ አለ።